ጨው ያበቀለ ትሪ

ግንቦት 12፣ ማክሰኞ

የሆስፒታላችን የላቦራቶሪ ሠራተኛ፣ ላቦራንቱ፣ ቃሉን ጠበቀ። በምሳ ሰዓት መጥቶ ጥፍር የምታህል የወረቀት ከረጢት እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ውስጧ ያለው ነፍሳትን የምትበላ ተክል ዘር ነው። ቅጠሏ ላይ ጤዛ የሚመስል ሙጫ አላት፤ ትንኝ ልትጠጣ ታርፋለች፣ ካረፈች በኋላ መነሳት የለም። እሱ ቤቱ መስኮት ላይ ሦስት አለው። ባለፈው ወር አንዷን አምጥቶ ሲያሳየን "ይቺ ከዘር ትበቅላለች?" ብዬ ጠየቅሁት። እሱ አፉን ሳይከፍት ፊሽካ ቀደመችው። "ላንቺ አትበቅልም። ዘሯ አቧራ ነው የሚያህለው፤ አንቺ መቀሱን እንኳ በዳበሳ ነው የምታገኚው" አለች። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እዚያው ላይ ግን ዘሯን እንዲያመጣልኝ ላቦራንቱን አስማልኩት።

ፊሽካ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ይህን ስም ያወጣንላት ድምጿን ዝቅ አድርጋ መናገር ስለማይሆንላት ነው። በሆስፒታሉ የመሣሪያ ማጠቢያና ማምከኛ ክፍል እኔ ሃያ ሦስት ዓመት ሆኖኛል፣ እሷ አሥራ አራት። ቀዶ ጥገና ክፍሉ የተጠቀመበት ቢላና መቆንጠጫ ሁሉ በእኛ እጅ ታጥቦ፣ በእንፋሎት ማሽኑ ተቀቅሎ ነው የሚመለሰው። መቀሱን በዳበሳ የማገኘው ሃያ ሦስት ዓመት ስለያዝኩት ነው። እጄ ካወቀው ምን ያስፈጥጠኛል?

ላንቺ አትበቅልም አለች። እናያለን።

ግንቦት 13፣ ረቡዕ

መመሪያው የታተመበት ወረቀት የማይረባ ነው። የዘንድሮ ማተሚያ ቀለም ይቆጥባል፤ ፊደሉን ከወረቀቱ መለየት አይቻልም። ላቦራንቱ እያነበበልኝ በወፍራም እስክሪብቶ ገለበጥኩት።

ግራ የገባት ተክል ናት። ምቾት አትወድም። ማዳበሪያ ካገኘች ትሞታለች። አፈሯ ከረግረግ የወጣ፣ ምንም ፍሬ ነገር የሌለው፣ አሸዋ የተቀላቀለበት መሆን አለበት። ዘሯ መጀመሪያ በእርጥብ አፈር ተጠቅልላ አምስት ሳምንት ፍሪጅ ውስጥ ትቀመጣለች፤ ብርዱ አለፈልኝ ብላ እንድታምን ነው። ከዚያ አፈሩ ላይ ትበተናለች እንጂ አትቀበርም። ውሃዋም የተጣራ ወይም የዝናብ ብቻ። የቧንቧ ውሃ ጨው ስላለው ቀስ እያለ ይገድላታል። "ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚቀረውን ነጭ ቅርፊት ያስቡት እትዬ" አለኝ ላቦራንቱ።

የተጣራ ውሃ አላጣም። የእንፋሎት ማሽናችን የሚጠጣው እሱን ብቻ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጀሪካኑ የተረፈው ስለሚደፋ፣ የነርሶቹ አለቃ ማትሮኗ እንድወስደው ፈቅዳልኛለች።

እማዬ ፍሪጁን ስከፍት ሰምታ ምን እንዳስገባሁ ጠየቀች። ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና፣ ሰማንያ ዓመት የኖረችው በመጨረሻ ሰላጣ ሊበላት እንደሆነ ጠየቀችኝ። እማዬ ማየት ካቆመች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቤት ውስጥ ግን ከእሷ የሚሰወር ነገር የለም።

ግንቦት 30፣ ቅዳሜ

እማዬ ፍሪጁን በከፈተች ቁጥር ከረጢቷን ትዳብሳለች። ዘርሽ በርዷታል ትለኛለች። ይብረዳት እላታለሁ።

ሰኔ 9፣ ሰኞ

ቀዶ ጥገና ክፍሉ አንድ ሙሉ ትሪ መሣሪያ መለሰብን። የአንዱ መቆንጠጫ መታጠፊያ ውስጥ የደረቀ ደም ተገኘ አሉ። ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ አልክድም። ግን ከማጠቢያው በላይ ያለው አምፖል ከተቃጠለ ወር ሊሞላው ነው። በጨለማ ማን ያያል? ለማትሮኗ ይህንኑ ነገርኳት። ቀና ብላ አምፖሉን አየችው። የተቃጠለው የጎኑ ነው፤ የእኔ በርቷል ለካ። ቢሆንም የሁለቱ ብርሃን ነው የሚያስፈልገኝ።

ስወጣ በበሩ ስንጥቅ የቀዶ ጥገና ነርሷ "ሁለተኛ ጊዜዋ ነው" ስትል ሰማሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ የእኔ ግን ዘመዴ ሆኖ ሁሉንም ያመጣልኛል።

ከአንድ ሺህ መቆንጠጫ አንድ። እሷ ትሞክረው።

ሰኔ 18፣ ረቡዕ

ዛሬ ዘሮቹ ከፍሪጅ ወጡ። የምሳ ዕቃ የሚያህሉ ሁለት የፕላስቲክ ትሪዎች አዘጋጀሁ፣ በአፈርና በአሸዋ ሞላኋቸው። ዘሩን በነጭ ወረቀት ላይ ዘረገፍኩት። ላቦራንቱ ሰማንያ ያህል ጥቁር ነጥብ ያያሉ ብሎኝ ነበር፤ እኔ አንድ ጥላ ነገር ነው ያየሁት። ወረቀቱ ያብረቀርቃል። በጥርስ መፋቂያ ጫፍ እየነካሁ ለመበተን ስሞክር እማዬ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

ወረቀቱን አጥፊውና በጣት መታ መታ አድርጊው፣ ራሱ ይወርዳል አለችኝ። አደረግኩት፤ ወረደ። ከዚያ አንዱን ትሪ ወደ ራሷ ሳበችው።

"ይኼኛው የእኔ ነው። በዝናብ ውሃ ነው የማሳድገው" አለች።

ፋብሪካ ካጣራው ውሃ ከጣሪያ የወረደ ይሻላል ወይ አልኳት። ጣሪያው ያንቺን ዕድሜ ሁለት እጥፍ ልምድ አለው አለችኝ። እናትና ልጅ ተፎካካሪ ሆንን። የእኔ ትሪ በሳሎኑ መስኮት፣ የእሷ በመኝታ ክፍሏ መስኮት። ውሃው ከላይ አይፈስም፣ ትሪው የቆመበት ሳህን ላይ ይጨመራል፤ አፈሩ ከታች ይስበዋል።

ሰኔ 23፣ ሰኞ

ቸኩያለሁ። አዲስ ጀሪካኖች መጡ። ድሮ የተጣራው በቢጫ፣ ለወለል ማጠቢያ የሚቀዳው የቧንቧ ውሃ በነጭ ነበር። አሁን ሁለቱም ነጭ። ማትሮኗ ወረቀት ለጥፋባቸዋለች፣ እስክሪብቶዋ ያለቀ ይመስላል። ፊሽካ "ጽሑፉን አይተሽ ቅጂ" አለችኝ። ሕፃን አደረገችኝ። የተጣራው የቱ ጋ እንዳለ ሳላውቅ ነው ሃያ ሦስት ዓመት የሠራሁት?

ሐምሌ 7፣ ሰኞ

ዘንድሮ የተጣራው ውሃ በረከት ገብቶበታል። ጠዋት ጠዋት ማሽኑን የምሞላው እኔ ነኝ፣ ከሰዓት ፊሽካ። በቀደመው ጊዜ ጀሪካኑ በሁለት ቀን ይሟጠጥ ነበር፤ አሁን በነጋታው ስመጣ ሙሉ ሆኖ አገኘዋለሁ። ፊሽካ ምስጋና ሳትፈልግ እየሞላችው እንደሆነ ጠረጠርኩ። እሷም ልብ አላት ማለት ነው።

የመሙያ መዝገቡንም እሷ ትፈርምልኛለች። ሳጥኖቹ የጉንዳን ቤት ይመስላሉ፣ አንድ ጊዜ የእሷ ቦታ ላይ ፈርሜ ስለተቆጣችኝ "እንግዲያው ሁለቱንም አንቺው ፈርሚ" አልኳት። ትፈርማለች።

ቅዳሜ ሁለት ሊትር ይዤ ገባሁ። ትሪዬ ጠጣ። እስካሁን ምንም የለም። የእማዬም ምንም የለውም፤ ቢያንስ እኔ ምንም አላየሁበትም።

ሐምሌ 16፣ ረቡዕ

ማሽኑ ቆመ። ጠዋት ሞልቼ ቁልፉን ስጫን አጉረመረመ፣ አንድ ሽታ ሸተተኝ፣ ዝም አለ። ቀዶ ጥገናዎቹ ሁሉ ወደ ሌላ ቀን ተላለፉ። የጥገናው ባለሙያ ሲከፍተው የማሞቂያው ብረት ክንድ የሚያህል ነጭ ቅርፊት ለብሷል። ምስክር አላስፈለገውም፤ ይህ ማሽን ለሳምንታት የቧንቧ ውሃ ሲጠጣ ነበር አለ።

ማትሮኗ መዝገቡን አወጣች። ሳጥኑ ሁሉ፣ ጠዋቱም ከሰዓቱም፣ የፊሽካ ፊርማ ነው። ፊሽካ "አብረን ነው የምንሞላው፣ ለሷ እኔ ነኝ የምፈርምላት" አለች፤ ድምጿ ኮሪደሩን አልፎ ተሰማ። ማትሮኗ ወደ እኔ ዞረች። ከየትኛው ጀሪካን እንደምሞላ ጠየቀችኝ።

ከተጣራው አልኩ። ዓይኔን ያጥፋው አልኩ።

እውነቴን ነበር። አሁንም እውነቴን ነው። መሣሪያው መምከኑን የሚያሳየው መመርመሪያ ወረቀት ሁሉ ያለፈ ስለሆነ በሽተኛ አልተጎዳም አሉ፤ እሱ ይመስገን። ፊሽካ ግን ነሐሴ 6 ኮሚቴ እስኪቀመጥ ድረስ ከሥራ ታግዳለች። ሦስት ልጆች አሏት፣ ባሏ ከሄደ ቆይቷል። ጋውኗን አውልቃ መንጠቆው ላይ ስትሰቅል አላየችኝም፣ ወይም አይታ ዝም አለችኝ። ለወለሉ የምትቀዳውንና ለማሽኑ የሚሆነውን ስታደባልቅ የኖረችው እሷ ናት፤ ሌላ ማን አለ? ስለ ሰው ዓይን ከመጨነቅ ስለራሷ እጅ መጨነቅ ነበረባት።

ይህን የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር መጻፍ አልነበረብኝም። አልሰርዘውም።

ሐምሌ 20፣ እሑድ

በቀለ!

ጠዋት መጋረጃውን ስገልጥ ትሪዬ ላይ ብርሃን ወደቀበትና አየሁት። ጥቁሩ አፈር ላይ ነጭ ነጭ ነገር ብቅ ብቅ ብሏል። በጣም ብዙ ነው። አፍንጫዬን እስኪነካ ተጠጋሁ። ነጭ፣ የተረጨ ዱቄት የመሰለ። ሰማንያውም ነው የበቀለው ማለት ነው። ዓይኔ አያይም ያሉ ሁሉ ይምጡና ይዩ። የእማዬን ትሪ ሄጄ አየሁት፤ ጥቁር አፈር ብቻ ነው። የፋብሪካ ውሃ አሸነፈ።

እማዬን አቅፌ ሳምኳት። ደስ ብሏታል። ልንካው አለች፤ ይጎዳል ብዬ ከለከልኳት።

ሐምሌ 21፣ ሰኞ

ለሁሉም ነገርኩ። ለበር ጠባቂው ሳይቀር። ላቦራንቱ "ነጭ?" ብሎ ደገመልኝ። አረንጓዴ ነው የሚሆነው እንጂ ነጭ አይቶ አያውቅም። ቀለም ገና አልያዘ ይሆናላ አልኩት። ይሆናል አለ፤ ከዚያ እጁን እየጠራረገ ብዙ ቆመ። ቅናት ነው።

ፊሽካ ብትኖር ይህን ሰምታ ምን ትል ነበር? የሷ ቦታ ላይ ከሕሙማን ክፍል የመጣች አንዲት ዝምተኛ ሴት ተቀምጣለች። ክፍሉ ቀዝቅዟል።

ሐምሌ 25፣ ዓርብ

ከሥራ ስገባ እማዬ ሳሎን ውስጥ በእኔ ትሪ ፊት ተቀምጣ አገኘኋት። የራሷን ትሪ ከመኝታ ክፍሏ አምጥታ ከጎኑ አድርጋዋለች። ልጮህባት ነበር። ቁጭ በይ አለችኝ።

ሌባ ጣቷን ይዛ የራሷ ትሪ ላይ በስሱ አሳረፈችው፣ እንደ ሕፃን ጉንጭ። አነሳችውና ወደ እኔ ዘረጋችው።

"ንኪኝ" አለች።

ጣቷ ይጣበቃል። ማር የነካ ያህል እንኳ አይሆንም፣ ግን ይጣበቃል።

"ሙጫዋ ነው። ከበቀለች ትናንት ሳምንቷ። ላንቺ ያልነገርኩሽ ደስታሽን እንዳላጠፋ ብዬ ነው።"

ከዚያ ጣቴን ይዛ የእኔ ትሪ ላይ አስቀመጠችው። ሻካራ ነው፤ ይሰባበራል። ጣቴን ወደ አፌ ወሰደችው። በአምሳ አንድ ዓመቴ እናቴ ጣቴን አፌ ውስጥ ከተተችው።

ጨው ነው።

"ልጄ፣ ይኼ ቡቃያ አይደለም። የማንቆርቆሪያችን ቅርፊት ነው። ከሥራ የምታመጪው ውሃ የቧንቧ ነው" አለችኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ የምቀዳው ጠዋት ጠዋት ማሽኑን ከምሞላበት ጀሪካን ነው። አንዱ ነው፣ ሌላ አልነካም። በየማለዳው ሙሉ ሆኖ ያድር የነበረው ለወለል ብላ ፊሽካ ትሞላው ስለነበረ ነው። በረከት ብዬ ጽፌያለሁ። እዚሁ ደብተር ላይ።

ላቦራንቱ ባዋሰኝ አጉሊ መነጽርና በባትሪ የእማዬን ትሪ ደግሜ አየሁ። ብዙ ከቆየሁ በኋላ አንድ አረንጓዴ ነጥብ አገኘሁ፣ ቀላ ያለ ፀጉር ያለው። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ጠፋኝ።

ሆድ ይፍጀው። ለማንም አልናገርም።

ሐምሌ 28፣ ሰኞ

ማንም ሳይመጣ ቀድሜ ገባሁ። ከሁለቱም ጀሪካን በሁለት ሳህን ቀዳሁና የሻይ ምድጃው ላይ አደረቅኳቸው። እኔ ከምቀዳበት ጀሪካን የመጣው ነጭ ሆነ። ሌላው ንጹሕ።

በተጣራው እጀታ ላይ ጎማ አሰርኩበት፣ ከእንግዲህ በእጄ እንድለየው። ይኸው፣ ስህተቱ ተስተካከለ። ማሽኑም በአዲስ ማሞቂያ ነገ ይሠራል። ከዚህ በኋላ የሚበላሽ ነገር የለም። ማን ምን እንዳደረገ መቆፈር ለማን ይጠቅማል?

አልሸሹም ዞር አሉ። እማዬ ይህን ብታነብ እንዲህ ትል ነበር። አታነብም።

ሐምሌ 30፣ ረቡዕ

ከሥራ ስመለስ በፊሽካ ሰፈር በኩል ዞርኩ። መንገዴ አይደለም። በራፏ ላይ ቆማ ከጎረቤት ጋር ታወራለች፤ ከማዶ ሆኜ ድምጿ ይሰማኛል። ስለ ቲማቲም ነው የምታወራው። ፊቷን ግን ከዚያ ርቀት መለየት አልቻልኩም። መሽቶ ነበር።

አልመሸም ነበር።

ነሐሴ 2፣ ዓርብ

የቀዶ ጥገና ነርሷ ዛሬ የመለሰችብኝ የለም። ግን ቀኑን ሙሉ አንድ ነገር ስቆጥር ዋልኩ። ሁለት መቆንጠጫ ተገኘብኝ። ያልተገኘውስ?

ብናገር ሥራዬን አጣለሁ። ካላወቁብኝ እስከ ጡረታዬ ድረስ ዘጠኝ ዓመት ቀርቶኛል። ፊሽካ ደፋር ናት፣ ድምፅ አላት፣ ሌላ ቦታ አታጣም። እኔን በዚህ ዕድሜ ማን ይቀጥረኛል? እማዬንስ ማን ያያል? ይኼ ሁሉ ትክክለኛ ምክንያት ነው። ስጽፈው ግን የማንንም ሸክም አያነሳም።

ነሐሴ 4፣ እሑድ

ዝናብ። እማዬ ለትሪዋ ውሃ ልትቀበል ጣሳ ይዛ በረንዳ ላይ ወጣች። ስትመለስ አጠገቤ ተቀመጠችና ከዚህ በፊት ነግራኝ የማታውቀውን ነገረችኝ።

ዓይኗን ሲጀምራት ሁለት ዓመት ደብቃናለች። ስፌቷን በጣት ታገኘው ነበር። ደረጃውን ትቆጥር ነበር። ሰው ስትስት "ሐሳብ ላይ ነበርኩ" ትል ነበር። እኔ ያኔ ገና ሠላሳ ሞልቶኝ ነበር፣ እናቴ ሐሳብ በዝቶባታል እል ነበር። በመጨረሻ ሐኪም ቤት ስትወሰድ ሐኪሙ የጠፋው አይመለስም፣ ሁለት ዓመት ቀደም ብለሽ ብትመጪ ኖሮ ግን የቀረውን ማቆም ይቻል ነበር አላት። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ አፍራ።

"ሁለት ዓመት ማንን እንዳታለልኩ ታውቂያለሽ? እናንተንማ አታለልኩ። ዓይኔ ግን አልተታለለም።"

እሺ ነገ ስለ ውሃው እናስብበታለን አልኳት። ስለ ውሃው አይደለም የምነግርሽ አለችኝ። ተነሥቼ ሳህን አጠብኩ።

ነሐሴ 6፣ ማክሰኞ

ሄድኩ። የተነጋገርኩት ሁሉ ሳይጠፋብኝ ልጻፈው።

ሁለቱንም ትሪ በካርቶን ይዤ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ሁለት እጄን ከላይ። አንድ ሰውዬ ኬክ ነው ወይ አለኝ። አዎ፣ የቀብሬ ነው አልኩት።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፤ ማትሮኗ፣ የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊውና የጥገናው ባለሙያ። ፊሽካ በጥግ ወንበር ላይ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ተቀምጣለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር። ኃላፊው መዝገቡን ገልጦ ፊርማዎቹን ማንበብ ሲጀምር አቋረጥኩት። ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ከፈትኩ። ኃላፊው በስብሰባ ላይ አትክልት ምን እንደሚሠራ ጠየቀ። ያድምጡኝ፣ ይሠራል አልኩት።

"ሁለቱም ዘር ከአንድ ከረጢት ነው የወጣው። ይኼኛው ዝናብ ጠጣ። ያኛው እኔ ጠዋት ጠዋት ማሽኑን ከምሞላበት ጀሪካን ጠጣ። ይንኩት።"

ማትሮኗ ነካች። የጥገናው ባለሙያ በጥፍሩ ፋቀው፣ አሸተተው፣ ከማሽኑ ያወጣሁት ይኼው ራሱ ነው አለ። ኃላፊው ወደ እኔ ዞሮ ታዲያ ምን ማለት ነው አለኝ።

እኔ ነኝ ማለት ነው አልኩት። የእሷ ፊርማ የሁሉንም ጠዋት የያዘው እኔ መፈረም ስላስጠላኝ ነው፤ ጠዋት ጠዋት የቧንቧ ውሃ ያጠጣሁት እኔ ነኝ፣ እሷ ከሰዓት የተጣራውን ነበር የምትሞላው። መቼ እንዳወቅሁ ጠየቀኝ። ሐምሌ 25 አልኩ። ቀኑን አልደበቅሁም። በሃያ ሦስት ዓመት ሥራዬ አንድ ቀን ሳላረፍድ ሠርቻለሁ፣ ይህንንም ይጻፉት አልኳቸው፤ ሁለቱንም ይጻፉ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። እናቴ ፊት ብሆን እንጂ እነሱን ለምን እፈራለሁ?

ማትሮኗ ብቻ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፣ በቀስታ። ወረቀቱ ተለጥፎ እያለ ለምን ተሳሳቱ?

አላነበብኩትም አልኩ።

ሌላ አልጨመርኩም። ፊሽካ ከሰኞ ጀምሮ ወደ ሥራዋ እንድትመለስ ተወሰነ። እኔ የዓይን ምርመራ ውጤት እስካመጣ ድረስ መሣሪያ አልነካም። ዓይን ማን አነሣ? እኔ አላነሣሁም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ሳይተኛ ለሚያነጋው ሰው ሲባል ግን አይቸኩልም።

ነሐሴ 9፣ ዓርብ

ፊሽካ መጣች። ገና ደረጃው ላይ ሳለች አወቅናት። እማዬ ከእንቅልፏ ተነሥታ ልብሷን አስተካከለች።

አመስጋኝ እንግዳ መስሎኝ ሻይ ላፈላ ተነሣሁ። አትቀመጪም? አልኳት። አልቀመጥም አለች። ቆማ ተናገረች።

"ሃያ ቀን ቤቴ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያዎቹን ዘጠኝ ቀን ይቅር ብዬሻለሁ፣ አታውቂም ነበር። አሥራ አንዱን ግን ምን ላድርገው? ልጄ የታገድሽው ሰርቀሽ ነው ወይ ብላ ጠይቃኛለች፤ ያኔ አንቺ አውቀሽ ነበር።"

ይቅርታ አልኩ። ትንሽ ቃል ናት፣ አሥራ አንድ ቀን አትሸፍንም። ፈርቼ ነበር አልኳት። ምንን ፈርተሽ አለችኝ። ሥራዬን አልኩ። "ሥራሽን?" አለችና ሳቀች፣ ደስ የማይል ሳቅ። "አላነበብኩትም ነው ያልሽው ኮሚቴው ፊት። አላነበብኩትም! አሥራ አራት ዓመት አብሬሽ ቆሜ መቀስ ስትፈልጊ እጅሽ ውስጥ ያስቀመጠልሽ ማን መሰለሽ? መዝገቡን የፈረምኩልሽስ ሳጥኑ ጠቦሽ ነው ብዬ አምኜ ነው? በሰው ፊት የምቀልድብሽ ሐኪም ቤት እንድትሄጂ ነበር። አንቺ አትክልት ተከልሽ።"

እማዬ ከወንበሯ ሆና "ተቀመጪ ልጄ፣ አንቺ የምታይ ነሽ" አለቻት። ፊሽካ ተቀመጠች። ሻይዋን ጠጣች። የእማዬን ትሪ አየችና ስንት እንደበቀለ ቆጠረች፤ አርባ ሦስት። እኔ ስድስት ነበር ያገኘሁት።

ስትወጣ ማክሰኞ ዓይን ሐኪም ቤት አብሬሽ እሄዳለሁ አለችኝ። ብቻዬን መሄድ እችላለሁ አልኳት። አውቃለሁ፣ ግን አላምንሽም አለችኝ። ልክ ናት።

ነሐሴ 13፣ ማክሰኞ

ውጤቱን አስቀድሜ ልጻፍ። ዓይኔ ውስጥ ግፊት አለ፣ ልክ እንደ እማዬ። የግራው ብዙ ሄዷል፣ የቀኙ ግማሹ አለ። የሄደው አይመለስም። በየቀኑ ጠዋትና ማታ ጠብታ ካደረግኩ ያለውን ማቆየት ይቻላል አለ ሐኪሙ፤ ዘንድሮ መምጣቴ ጥሩ ነው አለ። ወደ መሣሪያ ክፍሉ አልመለስም። ማትሮኗ የአንሶላ ክፍል አለ ብላኛለች፤ የሚታጠፍ ነገር ነው፣ እጅ ያውቀዋል። እናያለን። ለምኜ አልገባም፣ ከጠሩኝ እገባለሁ።

አሁን እንዴት እንደሆነ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ግራ ዓይኔን ሸፍኖ ከግድግዳው ላይ ፊደል አሳየኝ። ትልቁን አነበብኩ። ከሥሩ ያለውንም። ሦስተኛው መስመር ላይ ስንደርስ ጭጋግ ሆነብኝ። ሐሳብ ላይ ነበርኩ ልለው አፌን ከፍቻለሁ። ያኔ ፊሽካ ከኋላዬ ወንበር ሆና ፊደሎቹን ልታሾክሹክልኝ ሞከረች። ለራሷ ማሾክሾኳ ነው፤ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ኮሪደር ላይ ሰምተው ሳቁ። ሐኪሙም ሳቀ። አሁን እንኳ ልትሸፍንልኝ ነው።

ዝም በይ አልኳት።

ከዚያ ሐኪሙን አይታየኝም አልኩት። ቀጥሎ ያለውን መስመር ጠየቀኝ። እሱም አይታየኝም። ዓይኔን ቀይሮ ሸፈነና ከላይ ጀመረ፤ ትልቁም አልታየኝም፣ ትልቁንም አይታየኝም አልኩ፣ ኮሪደሩ ላይ ያሉት ሁሉ እስኪሰሙ ድረስ።